የሻምበል ቆርቆሮ ቤት

ለውሻው ቤት ሥራለት ብሎ በያጁን የለመነው ሰው አልነበረም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉሃል ይኸው ነው። አማቱ ሻምበል የሚባል ያረጀ፣ ጸጉራም ውሻቸውን አስከትለው አብረውት ሊኖሩ ከመጡ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቷል። ሴትየዋ ልጃቸውን ከዳሩለት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብለውት አያውቁም። ይቺን ቃል ከአፋቸው ለማውጣት የማይበይደው ነገር አልነበረም።

እናም በየደ። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ላሜራ፣ በሩ ከውጭ የሚቀረቀር። በመጨረሻ ጥቁር ቀለም ቀባው፤ ሥራ ሲያምርለት ጥቁር መቀባት ልማዱ ነው። መስኮት አላወጣለትም። ውሻ መስኮት ምን ይሠራለታል፣ ጎረቤት ሊያይበት ነው?

አማቱ ዙሪያውን ዞረው አዩትና «ጠንካራ ነው» አሉ። በያጁ ይቺን እንደ ግማሽ ምርቃት ቆጠራት።

ሻምበል አፍንጫውን አስገባ፣ መልሶ አወጣ፣ ሄዶም ከውኃ በርሜሉ ጥላ ሥር ተዘረረ። ሙቀቱ ሲብስ ጭራሽ ከዚያ ንቅንቅ አልልም አለ። በያጁ ተቀየመው። አዎ፣ ውሻ ተቀየመ፤ መቀየም የፈለገ ሰው ምን ይሳነዋል። ምሳውን ሲበላ እንኳ «የሰው ልፋት የማያውቅ» ይል ነበር።

«ብረት ፀሐይ ይስባል ልጄ» አሉት አማቱ። «ወዶ አይደለም የማይገባው።»

«ስላልለመደው ነው እማማ።»

አንድ ቀን አማቱና ሚስቱ ገበያ ወጡ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በያጁ ሻምበልን ከጥላው ጎትቶ ቤቱ ውስጥ አስገባውና በሩን ቀረቀረ። ለክፋት አልነበረም፣ እስኪለምድ ብሎ ነው። ከዚያ የደንበኛ መስኮት ይዞ ሥራው ላይ አቀረቀረ። ሻምበል ጮኸ፣ ቆርቆሮውን ቧጨረ፣ በኋላ ዝም አለ። በያጁ ፈገግ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

አማቱ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ባዶውን ጥላ ነው።

«ውሻዬስ?»

«ቤቱ ገብቷል። ለመደ እኮ፣ ዝም ብሎ ተኝቷል።»

ሴትየዋ ዘንቢላቸውን ጥለው ሮጡ። በያጁ አማቱን ሲሮጡ አይቶ አያውቅም፤ ልቡ ድንግጥ ያለው ያኔ ነው። ቀድሟቸው ደርሶ መቀርቀሪያውን ሲይዝ መዳፉን ለበለበው። ሻምበል በጎኑ ተጋድሟል፤ ምላሱ ተጎልጉሏል፣ ልጋጉ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ማንንም አያይም። ሊያቆመው ቢሞክር እግሮቹ እንቢ አሉ።

ተሸክሞ ጥላ ውስጥ አስተኛው። ሚስቱ በረዶ ይዛ ስትመጣ እናቷ «በረዶውን ተዪው፣ ያስደነግጠዋል፤ ከበርሜሉ ቅጂ» አሏት። ሆዱን፣ ብብቱን፣ መዳፎቹን አራሱለት። በያጁ ካርቶን ቀዶ ያራግባል። «አትሙትብኝ» አለው፤ ከልቡ ነበር። ትንሽ ሲተነፍስለት አቅፎት ወደ እንስሳት ሐኪሙ ከነፈ፤ አማቱም ተከተሉት።

ሐኪሙ ጉሉኮስ ሰካለት፣ ሙቀቱን ለካ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «በዚህ ፀሐይ ማነው የዘጋበት?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ አማቱ።

ሐኪሙ አልማራቸውም። ውሻ እንደ ሰው አያልበውም፣ ትንፋሹ ብቻ ነው የሚያበርደው አላቸው። በዚህ ላይ አርጅቷል፣ ጸጉሩም እንደምታዩት ነው። ጥላ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ውኃ የለ፤ ትንሽ ቢቆይ ሬሳ ነበር የምታመጡልኝ። «እርስዎ ትልቅ ሰው አይደሉም ወይ?» ብሎም ጨመረበት። አሮጊቷ አንገታቸውን ደፍተው «ልክ ነህ ልጄ» እያሉ ተቀበሉት። በያጁ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጡት።

ፀሐይዋ ጋደል ስትል ሻምበል ቀና ብሎ ውኃ ጠጣ። «ይተርፋል፣ ነገ አምጡት» ተባለና በያጁ ታቅፎት ወጣ።

«እማማ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?»

«አንተን ቢቆጣህ ታኮርፋለህ። ስታኮርፍ ደግሞ ሌላ ትሠራለታለህ። እኔን ሲቆጣኝ ግን ቁጭ ብለህ ሰማህ።»

ጥቂት እንደሄዱ የበያጁ እንባ መጣ፤ ሁለቱም እጆቹ ውሻው ላይ ስለሆኑ የሚጠርግበት የለውም። አማቱ መሐረባቸውን አውጥተው ፊቱን ጠረጉለት።

«በጥላው በኩል ሂድ» አሉት።