የማደንዘዣው ስም

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ቁጣው አፍንጫው ላይ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ክብሪት» ይለዋል። ያን ቀን ግን መቆጣቱ አያስፈርድበትም። አሮጌው የሕሙማን መዝገብ ወደ አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ከተዛወረ ሦስት ቀኑ ነው፤ ከስም እስከ ሕመም ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቀርቷል።

ጠዋት አንዲት ሴት ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆመች። እናቷ ውስጥ ተኝተዋል፤ ነገ ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት እዚሁ ሆስፒታል አንድ ማደንዘዣ ተወግተው ከሞት የተረፉት ለጥቂት ነበር። የማደንዘዣው ስም ያለው መዝገቡ ላይ ብቻ ነው፤ የወረቀቱ ካርድ ድሮ ተጥሏል፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘውም ዲስክ ከተበላሸ ከርሟል።

«ወንድሜ፣ የአንድ መድኃኒት ስም ብቻ ነው» አለችው።

ክብሪት መዝገቡን ከፍቶ የጥያቄ ምልክቱን አየና ዘጋው። «እስከ ከሰዓት አወጣልሻለሁ» አላት።

አላበለም። አሮጌው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ አዲሱ ኮምፒውተር ያን ቁጥር ስለማያውቅ ነው የጥያቄ ምልክት የሚደረድረው። ከሥር ፊደሉ አለ። ክብሪት ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ፣ መዝገብ የማይያዝበት፣ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ውስጥ የቁጥሮቹን ሰንጠረዥ አግኝቶ አምጥቶ ጫነው። ስሞቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ደስ አለው።

ደስታው አልቆየም። ብዙ መዝገቦች በጥያቄ ምልክት እንደተሞሉ ቀሩ። ዞር ሲል አንጋፋዋ የካርድ ክፍል ሠራተኛ አንገታቸውን ደፍተው የኮምፒውተሩን ቁልፍ ይጫናሉ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አለቃው ክፈቱና ሴቭ አድርጉ፣ ይስተካከላል አሉን። እኔ ሁለት መቶ አድርሻለሁ» አሉ፤ የሚመሰገኑ መስሏቸው።

ደሙ ፈላ። የአለቃውን በር ሳያንኳኳ ገባ።

«ሴቭ ሲደረግ የጥያቄ ምልክቱ ደህናው ፊደል ላይ ይጻፍበታል! ሦስት ቀን ሙሉ በእጃችሁ ስትቀብሩት ሰነበታችሁ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ አይጠይቀኝም?»

«እንግዲህ ዝም ብለን ከምንቀመጥ ብለን ነው» አሉ አለቃው።

«ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ኖሮ ይሻል ነበር!»

ተመልሶ የሴትየዋን እናት መዝገብ ከፈተ። የጥያቄ ምልክት። ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤ እትዬ ደነገጡ። ማን ሴቭ እንዳደረገው አውጥቶ አትሞ አለቃው ፊት ላይ ሊወረውር ማን መቼ እንደነካው የሚመዘግበውን የአጠቃቀም ዝርዝር ፈለገ። ሰዓቱ ሦስት ከሩብ ይላል። የተጠቃሚው ስም የራሱ ነው።

ደጋግሞ አነበበው። አሮጌው ፕሮግራም ሲሠሩበት በየደቂቃው ቀጥ የሚል ነበር፤ «ሴቭ ሳታደርጉ እንዳትዘጉ» እያለ ሠራተኛውን ሁሉ ለዓመታት ያስለመደው እሱ ነው። ጠዋት መዝገቡን ሲዘጋ ጣቱ ሳያማክረው ሴቭን ተጭኖታል። እትዬ ከኋላው ቆመው ዝርዝሩን አዩትና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ቢሰድቡት በወደደ።

ሐኪሙ ጋ ሄዶ ተናገረ። ስሙ ካልታወቀ ማደንዘዣዎቹ ለእናትየዋ መስማማታቸው አንድ በአንድ ይመረመራል፤ ኦፕራሲዮኑ ለሳምንት ይገፋል ተባለ። ክብሪት ከዚያ ወደ መስኮቱ ወጣ። ሴትየዋ ገና ስታየው እስክሪብቶ አወጣች።

«አገኘኸው?»

«ጠፋ። ማለት... አጠፋሁት። ራሴ ነኝ።» ስለ ሳምንቱም ነገራት።

እስክሪብቶውን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አለቃው ላይ እንደጮኸው እንድትጮህበት ጠበቀ። አልጮኸችም።

«እናቴ ሌሊት ሕመሙ ሲነሳባት ብርድ ልብሱን ነክሳ ነው የምታድረው» አለች። «ነገ ያልቃል ብያታለሁ። አሁን ገብተህ አንተው ንገራት።»

እናቷ የተኙበት ክፍል ድረስ መራችውና በሩን ከፍታ ጠበቀችው።