የኒካኖር እግሮች

ባሌ ኒካኖር ሃምሳ ሁለት ዓመት ወይን እየረገጠ ሲጨምቅ እግሩን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ግን የልጅ ልጃችን ሶይላ ላ ፓስ ከተማ ተምራ መጣችና፣ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ፣ "አባባ፣ የሰው ቆዳ ላይ ስንት ባክቴሪያ እንዳለ ያውቃሉ?" አለችው።

"እኔ ምኑን አውቄ! ቆጥሬያቸው አላውቅም።"

"እኔ እቆጥራቸዋለሁ። ከበዙ ዘንድሮ ወይኑን የሚጨምቀው ማሽን ነው።"

ኒካኖር ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ። ሰውየው በምግብ የሚቀልድ አይደለም፤ ያኔ ነው የደነገጥኩት። እኛ የታሪሃ አገር ሰዎች በእግር ያልተረገጠ ወይን አይጥመንም፣ ለእሱ ደግሞ ያ የመርገጫ ገንዳ ክብሩ ነው።

በማግስቱ ሶይላ በጥጥ የእግር ጣቶቹን መሀል ጠርጋ፣ ባክቴሪያ የሚራባባት ክዳን ያላት ትንሽ ሳህን ላይ ቀባች። ሦስት ቀን ጠበቅን። ሳህኗ ላይ ምንም አልበቀለም።

"አየሽ?" አለ ኒካኖር ደረቱን ነፍቶ።

"አባባ፣ በሕይወት ያለ ሰው እግር እንዲህ አይሆንም። ምን አደረጉ?"

እግሮቹን ወንበሩ ሥር ሸሸገ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሳይ፣ ለካርኒቫል በዓል ለአበልጆቼ ያስቀመጥኩት ሲንጋኒ፣ ያ ጉሮሮ የሚልጥ የወይን አረቄያችን፣ ግማሹ የለም።

"አንተ ሰውዬ! የአበልጆቼን መጠጥ ለእግርህ አጠጣኸው?"

"ታጠብኩበት እንጂ መች አጠጣሁት!"

ሶይላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከሳምንት በኋላ፣ ጠርሙሱን እኔ ቆልፌበት፣ እንደገና ጠረገችው። አሁን ሳህኗ በነጭና በቢጫ ነጠብጣብ ጢም አለች። ኒካኖር አየት አደረጋትና "በቃ፣ ማሽኑን አምጡ" አለ። አንጀቴን በላው።

"ቆይ አባባ፣ መች ጨረስኩ!" አለች። በሌላ ሳህን ላይ ያንኑ የእግሩን ባክቴሪያ ቀብታ፣ ካለፈው ዓመት ወይናችን ጠብ ጠብ አደረገችበት። በሁለተኛው ቀን ወይኑ ባረፈበት ሁሉ ዙሪያው ባዶ ነበር።

"ወይኑ ጨረሳቸው?" አለ ኒካኖር።

"አልኮሉም አለበት፣ ኮምጣጣነቱም አለበት። ደግሞ ወይን ሻጋታን ለመከላከል ልጣጩ ውስጥ የሚሠራው ነገር አለ፤ እሱም ሳይረዳ አይቀርም። ማሽኑ የውስጡን ዘር ሰብሮ ወይኑን መራራ ያደርገዋል፣ የእርስዎ እግር ግን ልጣጩን ብቻ ያሻል።" ከዚያ ሌላ ሳህን አወጣች፤ ከሁሉም ነጠብጣብ የበዛበት እሱ ነበር። "ይሄ ደግሞ የኔ እጅ ነው። በሳሙና ከታጠብኩ በኋላ።"

ኒካኖር እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "የተማረ ባክቴሪያ ነዋ፣ መች ሳሙና ይፈራል!"

የወይን ለቀማው ቀን ሱሪውን ጠቀለለና፣ ወደ ገንዳው መሄዱን ትቶ የውሃ ጣሳ ይዞ ሶይላ ፊት ቆመ። በቤታችን ደንብ አዲስ ረጋጭ እግሩን ራሱ አይታጠብም፤ የሚያጥበው ቦታውን የሚያወርሰው ሰው ነው። እሱን አባቱ ነበር ያጠበው።

"ጫማሽን አውልቂ።"

"አባባ፣ እኔ እኮ ረግጬ አላውቅም..."

"እኔስ ስወለድ አውቅ ነበር?"

ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠበ። እኔ ሽንኩርት ሳልከትፍ አለቀስኩ። ከዚያ እጇን ይዞ ገንዳው ውስጥ አስገባት፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት የቆመበትን የፊተኛውን ቦታ ለቀቀላትና ከኋላዋ ቆሞ መርገጥ ጀመረ።