የሰባተኛው ጉድጓድ በሽታ

በጎልፍ ክለቡ ውስጥ ሴትዮዋን በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ሐኪሟ» ነው የሚላት። ድሮ የልብስ ስፌት መኪና ትጠግን ነበር። ክለቡ የኤሌክትሪክ ጋሪዎቹን የሚያይለት ሰው ሲያጣ ካቻቢቴዎቿን በፌስታል ይዛ መጣች፤ ከዱላ ማስቀመጫው ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍልም ተረከበች። ጋሪዎቹ ባለ ሦስት ጎማ ናቸው፤ የዱላ ቦርሳ ተሸክመው በባትሪ ኃይል ከባለቤታቸው ጎን ይሄዳሉ። ባለቤቱ እጀታው ላይ ያለችውን ቁልፍ ያዞራል፣ ጋሪው ይሄዳል። አልሄድም ካለ ሐኪሟ ዘንድ ይመጣል።

አመረማመሯ የራሷ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱን ዝም ታሰኘዋለች። ከዚያ የካቻቢቴዋን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ መያዣውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ኩሽኔታው ያለቀ እንደሆነ ያጉረመርማል፣ ካርቦኑ ያለቀ እንደሆነ ያስላል ትላለች። ጭራሽ ዝም ካለ ችግሩ ከሞተሩ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው፦ ከባትሪው፣ ከፊውዙ፣ ወይም እጀታው በሚታጠፍበት ቦታ ውስጥ ለውስጥ ከተበጠሰ ሽቦ። ባትሪንም እንዲሁ በባዶው ለክታ አታምንም። «ሥራ ፈቶ ሲቀመጥማ ሁሉም ጎበዝ ነው» ትልና ጎማውን በእጇ አንቃ ይዛ፣ ሞተሩ ሲታገል ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ስንት እንደሚወርድ ታያለች።

ይህን ሁሉ የምታውቀውን ሴት የዳኛው ጋሪ ግራ አጋባት።

ዳኛው ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አረማመዳቸው ግን ዛሬም ችሎት የሚገቡ ነው የሚያስመስላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከታናሽ እህታቸው ባል፣ ከፋርማሲስቱ ጋር ይጫወታሉ። በዚህ ወር ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ሰባተኛው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ፣ ልክ ዳገቱ ሥር፣ ጋሪያቸው ቀጥ ይላል። ጋሪ ከቆመ ጨዋታው ይቋረጣል፤ የተቋረጠ ጨዋታ ደግሞ አሸናፊ የለውም። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ዳኛው ናቸው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሐኪሟ የባትሪው ማገናኛ ተላቆ አገኘችው። አጽድታ፣ አጥብቃ መለሰችው። በሁለተኛው ቅዳሜ ማገናኛው እንደገና ተላቆ መጣ። በሦስተኛው ግን ማገናኛው በቦታው ነበር፤ ሞተሩም ይዞራል፣ ጋሪው ብቻ አይንቀሳቀስም። ጎንበስ ብላ ስታይ የግራው ጎማ በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ገብቷል። ጎማዎቹ የሚይዙት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ ቦታ ሲለዋወጡ ሞተሩ ብቻውን ይለፋል እንጂ ጎማው አይከተለውም።

«ጌታዬ፣ እስከ ስድስተኛው ጉድጓድ በደህና ሄዷል ነው ያሉኝ?» አለች።

«እንደ ፈረስ ነው የጋለበው» አሉ ዳኛው።

«እና ሰባተኛው ላይ ጎማው በገዛ እጁ ቦታ ቀየረ?»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የማሽን ነገር እኮ አይታወቅም።»

የማሽን ነገር ለሐኪሟ በደንብ ይታወቃል። ማሽን አንድ በሽታ ይዞት እየባሰበት ይሄዳል እንጂ በየሳምንቱ አዲስ በሽታ አይፈጥርም። የዚህ ጋሪ በሽታ እጅና እግር ያለው ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ፋርማሲስቱን ነው። ዱላውን ሊያስቀምጥ ሲመጣ በር ላይ ጠብቃ፣ የዳኛውን ጋሪ ነክተው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ ጓንቱን እያወለቀ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። እያሸነፍኩ ለምን አቋርጠዋለሁ?» አላት። መልሱ ውኃ የሚያነሳ ነበር። የቀረው ታዲያ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዓርብ ዕለት ሐኪሟ ቢሮ ሄዳ የማኅተም ቀለም ተዋሰች። ማገናኛው በጣት በሚያዝበት በኩል ወይን ጠጁን ቀለም በስሱ ቀባችና ጋሪውን አጣጥፋ አስቀመጠችው። ባትሪውንም ቀድማ ገጥማ ነበርና ማለዳ ማገናኛውን የሚነካ አይኖርም። ከዚያ በኋላ ሥራ አልያዝ አላት፤ ቅዳሜን እንደ ሠርግ ቀን ነበር የጠበቀችው።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ዳኛው ጋሪውን በግራ እጃቸው እየጎተቱ መጡ። ቀኝ እጃቸው ኪስ ውስጥ ነው።

«ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ?» አለች ሐኪሟ።

«ሰባተኛው ላይ።»

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

ግራ እጃቸውን ዘረጉ።

«ኪስ ውስጥ ያለውን ነው፣ ጌታዬ።»

ዳኛው በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ቀኝ እጃቸውን አወጡ። አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸው ወይን ጠጅ ሆነዋል። ባዶ የባትሪ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን አገላብጠው አዩ። «ሠላሳ ዓመት ሰው በአሻራው ሲያዝ አይቻለሁ» አሉ። «ለካ እንዲህ ያሳፍራል።»

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። ከንፈሯን ነክሳ ከቆየች በኋላ፣ «መሸነፉ ነው እንዲህ የከበደዎት?» አለቻቸው።

«መሸነፉንማ ለምጄዋለሁ። ጉልበቴ ነው። ዳገቱን አልወጣውም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ‹አንተ ወጣቱ ታለከልካለህ፣ እኔን እይ› እያልኩት ኖሬ ዛሬ ጉልበቴን ልበለው? ማታውኑ ለእህቴ ይነግራታል። እህቴን አታውቂያትም። በብርድ ልብስ ጠቅልላ ቤት ታስቀምጠኝና ዘመድ አዝማዱን ጠርታ ታስጠይቀኛለች።»

«ጎማውንስ እንዴት ቀየሩት?»

«እሱ ቁጥቋጦ ውስጥ ኳስ ሲፈልግ ሳሩ ላይ ቁጭ ብዬ። ከዚያ ከመነሳት ዳገቱ በስንት ጣዕሙ።»

ሐኪሟ አሳልፋ ልትሰጣቸው አልፈለገችም፤ ይህን የመሰለ ጨዋታም በከንቱ እንዲያልቅባት አልፈለገችም። ካርድ አውጥታ በትልልቁ ጻፈች፦ «የዳገት ትኩሳት። ሞተሩ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ይግላል። ከስድስተኛው ይመለስ።» ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ብዕር ጠይቀውም «ይመለስ» የሚለውን ሰርዘው «እንዲመለስ ተወስኗል» ብለው አስተካከሉትና እጀታው ላይ አንጠለጠሉት።

ፋርማሲስቱ ውጭ ቆሞ ካርዱን አነበበ። አንብቦም ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ግን ብቻውን መጣ፣ የራሱን ጋሪ ይዞ። «የኔንም እይልኝ።»

ካቻቢቴዋን ሞተሩ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ማገናኛውን አየች፣ ጎማውን አንቃ ባትሪውን ለካች። «ምንም የለበትም፤ ጤነኛ ነው» አለች።

«ካቻቢቴውን ወደ ወገቤ ብታስጠጊው ይሰማሽ ነበር።»

ሐኪሟ ቀና አለች። ፋርማሲስቱ የዕቃ መደርደሪያውን እያየ ነበር። «ጋሼ ሽቦውን ሲነቅል ካየሁት ቆየሁ» አላት። «ቁጥቋጦ ውስጥ ኳስ የጠፋኝ መስዬ እቆይለት ነበር። ኳሱ ኪሴ ውስጥ ነው። ጎማውን የቀየረ ዕለትማ ሳር ላይ ተቀምጦ አልጨርስ ቢለኝ ሩብ ሰዓት እሾህ ውስጥ ቆምኩ። ታዲያ እኔስ ዳገቱን እንዴት ልውጣው? መድኃኒት ቤት አርባ ዓመት ቆሜ የሠራሁ ሰው እኮ ነኝ። ብቻ ለእሱ አትንገሪው።»

ሁለተኛ ካርድ ጻፈች።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ካርዶቹን ግን ሌሎቹ አባላትም አነበቧቸው። በማግስቱ ጡረተኛዋ የሒሳብ መምህርት መጡ፤ ጋሪያቸው ‹ትንሽ የሚግል መሰላቸው›። ከእሳቸው ቀጥሎ ጥርስ ሐኪሙ፣ ከዚያ መንትያዎቹ አስመጪዎች መጡ፤ እነሱ እንኳ ለሁለቱ አንድ ካርድ ይበቃናል አሉ። በአምስት ሳምንት ውስጥ አስራ አራት ጋሪዎች በዳገት ትኩሳት ተያዙ። ከስድስተኛው ጉድጓድ ወዲያ ያለው ሜዳ የወፍ መጫወቻ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ሁሉን ነገር በጽሑፍ የሚያደርግ፣ ክራባቱ የማይላላ ወጣት ነው። ደብዳቤ ይዞ ሐኪሟ ክፍል ገባ። «ሁሉንም ጋሪዎች ለፋብሪካው ልንመልስ ነው። ወረርሽኝ ነው። አንቺ እንደ ባለሙያ ፈርሚልኝ።»

ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጠች። ፋብሪካው ጋሪዎቹን ፈትቶ ሲያይ አስራ አራት ጤነኛ ሞተር ነው የሚያገኘው።

«ደብዳቤው ይቆይ» አለች። «መጀመሪያ ሰባተኛው ዳገት ወገብ ላይ፣ ዛፉ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር አስደርግ። ረዘም ያለ፣ መደገፊያ ያለው።»

«አግዳሚ ወንበርን ከሞተር ጋር ምን አገናኘው?»

«ባለቤቱ ሲቀመጥ ጋሪው ይቆማል። ጋሪው ሲቆም ሞተሩ ይቀዘቅዛል።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን ጻፈው። አናጺው በሦስት ቀን ወንበሩን ሠርቶ ተከለ፤ በሳምንቱ አስራ አራቱም ሕመምተኞች ዳኑ። ሥራ አስኪያጁ ‹በማቀዝቀዣ ጣቢያው› ውጤት በጣም ተደስቶ ሌላ ወንበር አስራ ሦስተኛው ላይ አዘዘ።

ዳኛውና ፋርማሲስቱ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። የቆዩት፣ ማን ቀድሞ ይነሳ በሚለው ስላልተስማሙ ነው አሉ። ከዚያ አስራ ስምንቱንም ጉድጓድ ጨረሱ።

እኩለ ቀን ላይ ዳኛው ጋሪያቸውን ይዘው በሐኪሟ በር በኩል አለፉ። ቀጥ ብለው፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዩ። ፋርማሲስቱ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ እጁን ወደ ጀርባው መልሶ፣ ለሐኪሟ ብቻ በሚታያት አኳኋን፣ አራት ጣት አሳያት፦ በአራት ነጥብ አሸንፏቸዋል።