ለሞሐሙድ ልጆች የመረጥኩት ደጋን

አዴር አብዲቃድር፣ ያሳደገኝ የአባቴ ወንድም፣ ለሞሐሙድ ሊድረኝ ቃል ሲሰጥ ከሰፈራችን ከመጋላ ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። የጎረቤታችን ፍየል ሳትቀር ቀድማኝ አውቃለች።

ሞሐሙድ ሚስቱ የሞተችበት የጨርቅ ነጋዴ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም፤ አርጅቷል እንጂ። ፂሙን ሂና ስለሚቀባው በመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲል ፂሙ ቀድሞት ይደርሳል። ሁለት ልጆች አሉት፤ ሙመድ አስር ዓመቱ ነው፣ ኢድል ሰባት። እኔ ደግሞ አስራ አምስት። ለእናትነት ይቅርና ለታላቅ እህትነትም ገና ነኝ።

አራተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ከትምህርት ቤት ያስቀሩኝ ኤዶ ፋዱማ፣ የአባቴ እህት፣ ታማ ነው። "ስትድን ትመለሻለሽ" ተባልኩ። ይኸው ድናለች፣ ገበያ ስንወርድ የምከተላት እየሮጥኩ ነው። በመስከረም አምስተኛ እገባለሁ ብዬ ደብተሬን ሸፍኜ ጨርሻለሁ።

"እሺ አልልም" አልኳት።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

"ይጠይቁኛላ! ኒካህ ሲታሰር ሴቷ ትጠየቃለች። ቁርአን ቤት ተምሬያለሁ።"

"አዎ፣ አዴርሽ ሁለት ምስክር ይዞ ይጠይቅሻል። ዝም ካልሽ እሺ ማለትሽ ነው።"

"እኔ? ዝም?"

ኤዶም ሳቋን መያዝ አልቻለችም። የሂሳብ አስተማሪያችን አፌን በጠመኔ እንደሚደፍነው ሲዝት እሷም ሰምታለች።

ከኒካሁ በፊት ግን ሌላ ነገር መጣ። "አባትየው ይቆይሽ" አለች ኤዶ፣ "መጀመሪያ ልጆቹን ያዢ። ስጦታ በገዛ እጅሽ መርጠሽ ስጫቸው።" ልጆቹ ከዚራ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤታቸው አንድ ግሪክ የስፖርት አስተማሪ ቀስት ማስፈንጠር እያስለመዳቸው ነበር። ጭድ የሞላ ጆንያ ላይ ያነጣጥራሉ። ገና ጀማሪ ናቸው፣ የራሳቸው ደጋንም የላቸውም።

ይሄኔ ዘዴ መጣልኝ። አበላሽቼ ብመርጥስ? ልጆቹ እያለቀሱ ይገባሉ፤ አያታቸው "ይቺ ደግሞ ምኗ እናት ይሆናል" ትላለች። ሞሐሙድን በዓይኗ የምታዝዘው እሷ ናት ይባላል። ነገሩ ይፈርሳል፣ እኔም ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ።

የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ከዚራ ወዳለው የህንዱ ሱቅ ሄድን፤ ኤዶ፣ እኔ፣ ሁለቱ ልጆች። ከጃንሆይ ፎቶ ስር ደጋኖች ተሰቅለዋል፤ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ ሸጦለት የሄደው ነው።

"ያንን" አልኩ። ከእኔ ቁመት ይበልጣል።

"እሱ ለትልቅ ሰው" አለ ህንዱ። "ልጅ አይችልም።"

"አቦ፣ ልጅ ያድጋል፣ ደጋን አያድግም። አውርደው።"

"አያችሁ ብልህነቷን!" አለች ኤዶ። "ወደፊቱን ታስባለች።" ሳበላሽ እንኳ ያመሰግኑኛል።

ሙመድ ጎተተ። ፊቱ በርበሬ መሰለ፣ ገመዱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

"ወሪያ ሙመድ፣ ቁርስ አልበላህም እንዴ?" አልኩት።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደግ፣ እየሄደልኝ ነው አልኩ በሆዴ።

ወደ ኢድል ስዞር ግራ እጇን ሻሿ ውስጥ ሸሽጋለች። "አንቺስ?" ብላት "አልፈልግም" አለች። እጇን ሳብ አደረግኩት። ከክርኗ በታች፣ ውስጠኛው በኩል፣ ቆዳዋ በልዞ ጠቁሯል። ደጋኑን ስትለቅ ገመዱ እየተመለሰ ይገርፋታል።

"ለአባባ እንዳትነግሪው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ድሮም ሴት ልጅ ምን አግብቷት ነው የሚለው። ካወቀ ያስቀረኛል።"

ምናለ ባላየሁት ኖሮ! አየሁት።

ትልቁን ደጋን መለስኩ። ትንንሾቹን አንድ በአንድ እያስወረድኩ አስጎተትኳቸው። እስከ አገጫቸው ስበው እጃቸው የማይንቀጠቀጥበትን መረጥኩ፤ ለኢድል ከሁሉ የላላውን። ቀስቱንም ረዘም ያለውን ወሰድኩ፤ አጭር ከሆነ ሲስቡት ጣታቸውን ይወጋል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ቆዳ ግን የአዋቂ ብቻ ነበር፤ የኢድልን ክንድ ሁለቴ ይዞራል። "እሱን እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ።

ኤዶ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። "አልሐምዱሊላህ! እናት አገኙ!" ለህንዱም ነገረችው፣ ለጋሪው ነጂም ነገረችው፣ በመንገዳችን ላይ ላገኘነው ሁሉ ነገረችው።

እሺ፣ ዘዴዬ ከሸፈ። ምላሴ ግን አለልኝ አልኩ።

የኒካሁ ቀን ወንዶቹ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡ። እኔን ከመጋረጃው ጀርባ፣ የጓሮው ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ያለበሱኝ ሐር ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ልጆቹ ጓሮ ናቸው፤ ጆንያቸውን የጓሮው በር ላይ ሰቅለው ያስፈነጥራሉ። አዴር ለበዓል የሚታጠቀውን ቀበቶ ቆርጬ ለኢድል የክንድ ቆዳ ሠርቼላታለሁ። ሌላ ቆዳ ጠፍቶ አይደለም፤ ሆነ ብዬ ነው።

"እሰሪልኝ" ብላ እየሮጠች ገባች። "ተራዬ ደርሷል!"

ማሰሪያው ቀጭን ጠፍር ነው፣ ሥራው ደግሞ ሦስት እጅ ይፈልጋል። በአንዱ እጄ ቆዳውን ክንዷ ላይ ያዝኩ፣ በሌላው የጠፍሩን አንድ ጫፍ፣ ሌላኛውን ጫፍ በጥርሴ። ቋጠሮው ሊጠብቅ ሲል መጋረጃው ተገለጠ። አዴር ነው፤ ከኋላው ጉንጫቸው በጫት ያበጠ ሁለት ሽማግሌዎች።

"ዳሃቦ፣ ልጄ፣ ለሞሐሙድ እንድድርሽ ፈቅደሻል?"

"እንዳትለቂው!" አለች ኢድል።

ብለቀው ይፈታል። ቆዳውም ተንሸራቶ የበለዘውን ይፍቀዋል። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው የፈለግኩት። ቆይ ለማለት ጣቴን አነሳሁ።

"ዝም አለች" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"ጣቷንም አነሳች" አለ ሌላው። "አላህን አስመሰከረች! ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው!"

መጋረጃው ወረደ። ቋጠሮውን ሳብኩና ጠፍሩን ተፋሁት። "አይሆንም! አዴር! አልፈልግም!" እልልታው ግን ቀደመኝ፤ የራሴን ድምፅ እኔው አልሰማሁትም። ልወጣ ስል ኤዶ በመጋረጃው መሃል ቆማለች።

"አልመለስኩም እኮ! አፌ ተይዞ ነበር!"

"በምን?"

"በጠፍር!"

"ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሰበብ ከተወለድኩ አልሰማሁም" አለች እየሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና ሻሼን አስተካከለችልኝ። "በቃ ዳሃቦ። ከዚህ በኋላ የምትናገሪው ሁሉ የሚስት ንግግር ነው።"

ከወንዶቹ ክፍል "አሚን፣ አሚን" ይሰማል። በእነሱ በኩል መውጫ የለም። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ወደ መንገድ የሚያስወጣው የጓሮው በር መቀርቀሪያ ከጆንያው ጎን ነው፤ እጄን አሳረፍኩበት። ብረቱ ያቃጥላል። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ ብቻ መቀርቀሪያውን ግማሽ ድረስ ሳብኩት።

ኢድል ቀስቷን ደግና እስከ አገጯ ስባለች። እጇ አይንቀጠቀጥም።

"ከበሩ ዞር በይልኝ" አለች። "እወጋሻለሁ።"

መቀርቀሪያውን ለቅቄ ዞር አልኩላት።