ንጹሕ የተባለው ደም

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የደሙን ጠብታ ቺፑ ላይ አሳረፈችና ትንፋሿን ያዘች። ትንፋሽ መያዝ ለምርመራው ምንም አይጠቅምም፤ ልማድ ነው። ከጥፍር የማይበልጠው ቺፕ ላይ ዓይን የማያያቸው ክሮች ተተክለዋል። ደሙ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ዲኤንኤ ካለ ክሮቹ ላይ ይጣበቅና የኤሌክትሪኩን መንገድ ያጠብበታል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመርም ይወርዳል። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ውጤቱ ይታወቃል።

መስመሩ ወረደ።

"ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሃል?" አለችው መሣሪያውን።

ደሙ የራሷ ነበር። መሣሪያው የሰው ደም ከመመርመሩ በፊት ንጹሕ ደም ምን እንደሚመስል ማወቅ አለበት፤ ከፋብሪካ የመጣው ማነጻጸሪያ ፈሳሽ ካለቀ ወዲህ ያንን የምትሰጠው እሷ ነበረች። "ጉንፋን እንኳ ደጅሽን አያውቀውም" ብለው ባልደረቦቿ ሲስቁባት እሷም ስቃ ክንዷን ዘረጋች። አስቀድሞ የመረመራት የለም። ብልቃጡ ላይ "ንጹሕ" ብላ የጻፈችው በገዛ እጇ ነው። መስመሩ ከእሷ ዝቅ ያለ ሰው ቫይረሱ አለበት ይባላል፤ ከእሷ እኩል የሆነ ነፃ ነው። ከእሷ በላይ የሚወጡም ብዙ ነበሩ፤ "ከንጹሕ የነጻ" እያሉ ቀልደዋል። ዛሬ ጠዋት አዲሱ ፈሳሽ ሲደርስ፣ ለወጉ ያህል፣ ሁለቱን ልታስተያይ ነበር።

ቺፑን ቀየረች። ወረደ። ሌላ ሳጥን ከፈተች። ወረደ።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሳይበላሽ አልቀረም።"

ሁሉም "ፊውዝ" የሚሏቸው የመሣሪያ ጠጋኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉ። ገመዱን ነቀሉ፣ ሰኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ምን ያዳምጣሉ? ልብ እንደሆነ የለው።"

"ሐኪሙ ሁሉ የሰው ደረት ሲያዳምጥ ይውል የለ? እኔ ሳደርገው ነው ነውሩ?" ጣታቸውን ዘረጉላት። "በይ ውጊኝና በእኔ ሞክሪው።"

የእሳቸው መስመር ከፋብሪካው ፈሳሽ ጋር ትክክል ሆኖ ቀጥ አለ።

"ይኸው! ምንም አልሆነም" አሉ ፈገግ ብለው። ከዚያ ፊቷን አዩ። "የወረደው የማን ነው?"

ብልቃጡን አሳየቻቸው። የታሰባት ጉበቷ አልነበረም፤ ጥርስ እያበቀለች ጡቷን ነክሳ ያደማቻት ልጇ ነች።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ ልጄ። በአንድ ማሽን ቃል ሰው አይቀበርም። ሌላ ቦታ ሄደሽ በዝግታ ትታዪያለሽ። እስከዚያ ግን ዝም በይ፤ የሰው አፍ ታውቂያለሽ። ብልቃጡን ድፊው። ፈሳሹ እንደሆነ መጥቷል፤ ማን ያውቃል?"

እውነታቸውን ነው። ማንም አያውቅም።

በሩ ተንኳኳ። ትናንት ለምርመራ ደም የሰጠችው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሆዷ ቀድሟት ገባ።

"እህቴ፣ ወረቀቴን ልወስድ ነው። ነፃ ነሽ ካልሽኝ በኋላ እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ መሰለሽ! ባሌማ፣ ስታንኮራፊ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ አለኝ።"

የልብስ ሰፊዋ የትናንት መስመር ትዝ አላት። በራሷ መስመር ላይ እንደ ጥላ ተኝቶ ነበር። ያኔ ደስ ብሏት ነበር።

ፊውዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወረቀቱ ተፈርሞ መሳቢያው ውስጥ አለ። እጇ መሳቢያው ድረስ ሄደ፤ ከዚያ አልፎ መርፌውን አነሳ።

"ቁጭ በይ እስቲ። እንደገና ደም ልወስድ ነው።"

የልብስ ሰፊዋ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። "ምን አገኛችሁብኝ?"

"አንቺ ላይ ምንም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያስተያየሁሽ ከእኔ ደም ጋር ነበር፤ የእኔ ደግሞ..." ወደ ብልቃጡ ዞረች። "የእኔ ንጹሕ አይመስልም።"

"ልጄስ?"

"ቢኖርብሽ እንኳ፣ እንደተወለደ የሚሰጠው ክትባት አለ። ዋናው ቀድሞ መታወቁ ነው።"

የራሷ ልጅ በተወለደች ቀን ይህን ያሰበላት አልነበረም።

"ታዲያ ማሽኑ ቶሎ ይናገራል አላልሽኝም?"

"ቶሎ ይናገራል፤ እኛ ነን ያሳሳትነው። አሁን ግን በእኔ እጅ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ እልከዋለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ሰጠቻት፤ ዓይኗን ግን ከፊቷ አልነቀለችም። ስትወጣም ደህና ዋዪ አላለቻትም።

"በቃ፣ ለአገር ምድሩ ነገርሽ" አሉ ሽማግሌው።

"ገና ነው ጋሼ። ከእሷ በፊት የመጡም አሉ።"

ብልቃጡን ከማስቀመጫው አነሳች። "ንጹሕ" የሚለውን ወረቀት በጥፍሯ ላጠችው፤ አልላቀቅ ብሎ ጫፉ ቀረ። በላዩ አዲስ ወረቀት ለጥፋ ስሟን ሙሉውን ጻፈች። ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ከሚሄደው የልብስ ሰፊዋ ብልቃጥ ጎን አቆመችውና ፍሪጁን ዘጋች።