ውኃው ሲጠጣማ

«ገጹን ቅደጂው፤ ኸላስ፣ በቃ!» አለች ወርቅዬ።

ሃይሚ የሸዋረገድን ደብተር እንደያዘች ቀረች። ሸዋረገድ በሳንባ ምች ሞታ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዓረብ አገር፣ ሀደት በሚባል ሰፈር ሦስቱ ሴቶች ከሟቿ ጋር ለአራት በተከራዩአት ክፍል የተሰበሰበው ለቀስተኛ ሻዩን እየጠጣ የሚያንሾካሹከው ደብተሯ ላይ ስለጻፈችው ግጥም ነበር። ሟቿ ኻልዴ፣ ባሕሩ አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ሰሃን ታጥብ ስለነበር «ባሕሩ ዳር ወዳጅ ይዛ ኖሯል» ተባለ። የሟቿን ሻንጣ ለባሏ ልታደርስ ነገ ወደ አገር ቤት የምትሳፈረው ደግሞ ወርቅዬ ናት።

«ባሏ አንብቦት ሁለተኛ ይሙት?» አለች።

ቆንጂት ደብተሩን ከሃይሚ ተቀበለች። «አይቀደድም።»

አሽራፊዬ ሰፈር ካለው ከአሠሪዋ ከማዳሟ ቤት ጠፍታ እዚህ ክፍል ስትመጣ ቆንጂት ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም ነበር። አገር ቤት አስተማሪ የነበረችው ሸዋረገድ ናት እሑድ እሑድ አስቀምጣ ፊደል ያስቆጠረቻት። ኋላም ግጥም አስለመደቻት። «ቸኩለሽ አትፍረጂ፤ መጀመሪያ ቀለሙን ቁጠሪ፣ ከዚያ ሰሙን ግፈፊ» ትላት ነበር።

ቆንጂት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦

«ባሕር ዳር ነው ያለው የኔ ልብ ጌታማ፣
እሱስ ምን ይጠማል ውኃው ሲጠጣማ።»

«ይኸው! ያኒ ከዚህ ወዲያ ምን ይምጣ?» አለች ወርቅዬ።

«እትዬ ወርቅዬ፣ ይስሙኝ። ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ነው፤ ቤቱም ይመታል። አንድ ቃል በከንቱ አልገባም። የኻልዴን ውኃ ቀምሰው ያውቃሉ?»

«ጨው አይደል እንዴ! ማን ይጠጣዋል?»

«ታዲያ ‹ውኃው ሲጠጣማ› ለምን አለች? የባሕሩ ዳር ሰሙ ነው። ወርቁ ከተማው ነው፤ ባሕር ዳር፣ ጣና። ባሏ ነው።»

«ፍቅረሥላሴ የሞጣ ሰው ነው!»

«ዘንድሮ ተዛወረ። ሃይሚ፣ የመጨረሻውን ደብዳቤ ፖስታ አንብቢው።»

ሃይሚ ሻንጣውን ከፍታ ፖስታውን አወጣች። «ከፍቅረሥላሴ… ባሕር ዳር።»

ለቀስተኛው ፖስታውን ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«‹እሱስ› ያለችው ለምን ይመስልዎታል?» አለች ቆንጂት። «የተጠማችው እሷ ናት። የመኖሪያ ወረቀት የላት፣ መሄጃ የላት። ባሏ ይህን ሳያነብ መቅረት የለበትም።»

ወርቅዬ ማንበብ አትችልም። ቢሆንም ጠጋ አለች።

«ባሕር ዳር የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ቆንጂት አሳየቻት። ወርቅዬ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና፣ ቀለሙ እንዳይፋቅ ተጠንቅቃ ቃሉ ላይ አሳረፈችው።