በማለዳ የመጡ እንግዶች

ካሚል ስለ አንድ ወንበር ማውራት የሚወድ ሰው ነበር። ወንበሩ የእሱ አይደለም፤ የልጁ የራውዳ ነው። ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ፣ ሁሉ ነገሩ መስታወት የሆነ ፎቅ ላይ፣ የሚሽከረከር ጥቁር ወንበር። አንድ ቀን ሊጠይቃት ሄዶ አስቀመጠችውና ከዚያ ወዲህ በስደት አገሩ፣ ፎርድስበርግ በሚባለው ሰፈር ካለው የመጋረጃ ሱቁ የሚወጣ ደንበኛ ስለዚያ ወንበር ሳይሰማ አይወጣም።

"ካትሌሆንግ ሰፈር ብርድ ልብስ ተሸክሜ ቤት ለቤት ስዞር ውሻ የነከሰኝ ይኸውልህ" ይላል የሱሪውን እግር ሰብሰብ አድርጎ። "ልጄ እዚያ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ነው።"

የሱቅ ሸሪኩ አብዱልሀፊዝ ይህን ወሬ ሰምቶ አይጠግብም ነበር። ሁለቱም የስልጤ ልጆች ናቸው፤ አንድ መንገድ አብረው ተሰደው የመጡ። የካሚል ሚስት ራዚያ፣ የዚያው የፎርድስበርግ ተወላጅ፣ ልጇን ጡት ሳታስጥል ስትሞት ሕፃኗን አብዱልሀፊዝና ሚስቱ ፈዲላም እየተቀባበሉ አዝለዋል። ራውዳ በእናቷ የአገሩ ዜጋ ሆነች፤ ፓስፖርት አገኘች። እነሱ በየጊዜው የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ይዘው አረጁ።

በዚያ ፓስፖርት ነው እንግዲህ አንድ ቀን ሱቅ መጥታ፣ ቢሮውን ለቅቄያለሁ፣ አየርላንድ ልሄድ ነው ያለችው።

"ዎርኪንግ ሆሊዴይ ይባላል፣ አባዬ። ዓመት እየሠራህ አገር ታያለህ።"

"ሥራ ነው ዕረፍት?"

"ሁለቱም ነው።"

"ጾመኛ ነኝ እያለ የሚጎርስ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እዚያስ ምን ልትሠሪ?"

"ሆቴል። መጀመሪያ አልጋ አነጥፋለሁ።"

ካሚል አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር አውልቆ ጠቀለለው። "የሰው አልጋ" አለ።

"አባዬ፣ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ የማየው የሞተ ሰው ወረቀት ነው። ማን ሞተ፣ በምን ሞተ፣ ለማን ይከፈል። ወጣት ነኝ እኮ። ሀይቦ፣ ኧረ እኔም አንድ ቀን ልኑር።"

በነሱ ዘንድ መንገደኛ ሲሸኝ ወግ አለው። ልጅ ጎንበስ ይላል፣ አባት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ዱዓ ያደርጋል፣ በዙሪያው የቆመ ሁሉ አሚን ይላል። ያለ ዱዓ የወጣ ሰው የቤቱን በር ሳይዘጋ እንደሄደ ነው የሚቆጠረው። ራውዳ በምትሄድበት ቀን ሻንጣዋን ይዛ ሱቅ መጣችና አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቆመች። ካሚል ጨርቅ መለካት ቀጠለ።

"የደንበኛ ነው፤ አይጠብቀኝም" አለ፣ ቀና ሳይል።

ፈዲላ ስማ ሸኘቻት። ኮሮና የሚሉት ያኔ ገና የሩቅ አገር ወሬ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ድንበሩም ሰማዩም ተዘጋ።

ሆቴሉም ተዘጋ። ራውዳ ገጠር ወርዳ የእንጉዳይ እርሻ ተቀጠረች። ካሚል በየጁምዓው ይደውልላታል፤ ቃሉ አጭር ነው። "ብርዱ እንዴት ነው? ሶላትሽን እንዳትረሺ።" ስልኩን ሲዘጋ ግን ፊቱ ላይ ሌላ ነገር ይቀራል፤ አብዱልሀፊዝ ያየዋል።

"ልጅቷ የምትጠብቀውን ታውቃለህ" አለው አንዴ። "ምን አለ አሁን ብትመርቃት?"

"ዱዓ በስልክ አይሆንም። እጅ ይፈልጋል። ዓመቷ ሊሞላ ነው፤ ትምጣና እጄን አናቷ ላይ አድርጌ እመርቃታለሁ።"

በጥር ካሚል ሳል ያዘው። ትንፋሹ ሲያጥር አብዱልሀፊዝ መኪና ውስጥ አስገብቶ ወደ ሆስፒታል ይዞት ሄደ። መንገድ ላይ፣ መብራት ይዟቸው እንደቆሙ፣ ካሚል ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ድምፁ ከጭምብሉ ውስጥ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ነበር የሚወጣው።

"ያ ረቢ፣ የወጣችበትን መንገድ ኸይር አድርግላት። እኔ ወድጄላታለሁ። አንተም ውደድላት።"

"አሚን" አለ አብዱልሀፊዝ፣ መሪውን እንደያዘ።

"አንተ እንዳትነግራት። ስትመጣ በአፌ እነግራታለሁ።"

ካሚል ከዚያ ሆስፒታል በእግሩ አልወጣም። ቀብሩ ላይ የተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች ናቸው ያወረዱት። ከጎናቸው ባለው መቃብር የሌላ ሟች ቤተሰብ ስልክ ወደ ጉድጓዱ አዙረው ውጭ አገር ላለ ልጅ ያሳያሉ። ከስልኩ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ይሰማል። አብዱልሀፊዝ ፊቱን አዞረ። ሰው በሌለበት እንዲህ ብቻውን ማስለቀስ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው አለ በልቡ።

ሽማግሌዎቹም ያሉት ይህንኑ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ባለበት ነው የሚነገር። እሷ ያለችበት ገጠር ደግሞ አንድ ያገር ሰው የለም፤ ከተማ ያሉትም ከሰፈራቸው እንዳይርቁ ታግደዋል። ልትመጣ የቀራት ጥቂት ሳምንት ነው፤ ትምጣና እንነግራታለን ተባለ። ፌስቡክ ላይ ማንም እንዳይለጥፍ ለሰው ሁሉ ተነገረ።

ፈዲላ ብቻ አልተስማማችም። "ልጅቷ ያደገችው እዚህ ነው። እዚህ አገር ሰው የወንድሙን ሞት ታክሲ ውስጥ፣ በስልክ ነው የሚሰማው።"

"የካሚል ልጅ ናት" አላት ባሏ። "ሜዳ ላይ አንጥላትም።"

አባቷ ኦክስጅን ላይ ነው፣ መናገር አይችልም አሏት። የካሚል ስልክ አብዱልሀፊዝ ዘንድ ነበር። የድምፅ መልእክት መምጣት ጀመረ። የመጀመሪያውን የከፈተው ልጅቷ ምን ላይ እንዳለች ለማወቅ ነው።

"አባዬ፣ አትናገር፣ ዝም ብለህ ስማኝ። ዛሬ እንጉዳይ ስለቅም አለቃዬ ምን አለችኝ መሰለህ? 'በጣትሽ ጫፍ፣ ሳትጫኚው።' ሳቄ መጣ። አንተ ቬሉቶ ጨርቅ ስታጣጥፍ የምትለኝ ነዋ።"

በማግስቱ ሌላ መጣ።

"መስማትህን አየሁ፤ ምልክቱ ሰማያዊ ሆኗል። እሱ ይበቃኛል፣ አባዬ። ሻርፕ ነኝ፣ ደህና ነኝ።"

አብዱልሀፊዝ ስልኩን እንደያዘ ሱቁ ውስጥ ተቀመጠ። መልእክት ሲደመጥ ምልክት እንደሚሰጥ አያውቅም ነበር። አሁን ምን ያድርግ? መስማቱን ቢያቆም ሞቷል ትላለች። ቢሰማ ከሞተ ሰው ጋር እያወራች ትኖራለች። በየቀኑ ከሶላት በኋላ አላህን ይቅርታ እየጠየቀ ከፈተው። ስለ ዝናቡ ሰማ። ስለ አንዲት ላም ሰማ፣ በመስኮት እያየች ስለምታስቃት። የልጅነቷን ድምፅ መልሶ የሰማ መሰለው።

አውሮፕላኑ ተሰረዘ፤ ሌላ ቀን ተቆረጠ፤ እሱም ተሰረዘ።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ብቻ። ስወጣ አልመረቅከኝም። እንደተቀየምከኝ አውቃለሁ። ሲቀልህ፣ ጭምብሉን ለአፍታ አንስተው፣ አሚን ብቻ በልልኝ። እኔ ዱዓውን እዚህ ሆኜ አደርገዋለሁ፤ አንተ አሚን በል።"

ፈዲላ ከኋላው ቆማ ሰምታ ነበር። "እሺ ሞቱን ተወው" አለችው። "ካሚል መኪና ውስጥ ያለውን ዱዓ ንገራት።"

"ኑዛዜ ነው ብላ ትረዳዋለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ብትወድቅ ማን ያነሳታል?"

"እናንተ ሰዎች" አለች ፈዲላ፣ "ለሰው ስታዝኑ ያስፈራል።"

"ድምፁ ገና ነው፣ ግን ሰላም ብሎሻል" ብሎ ላከላት አብዱልሀፊዝ። ውሸት ነበር። ከዚያ በኋላም "ዛሬ ሾርባ ቀመሰ" አለ። "ስምሽን ጠራ" አለ። አንዱ ሌላውን እየጠራ መጣ።

ራውዳ የበጋው ሙቀት ሲበርድ ደረሰች። ከስታ ነበር፤ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። "በቀጥታ ሆስፒታል እንሂድ" አለች መኪና ውስጥ ሳለች። ዛሬ ሰው አያስገቡም፣ ነገ ጠዋት አሏት። ፈዲላ ቤት አበሏት፣ አስተኟት። ነገ ይዛው የምትሄደውን ለአባቷ ያመጣችውን የሱፍ ኮፍያ ራስጌዋ አስቀምጣ ተኛች።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጭምብላቸውን እንዳደረጉ፣ ሳሎኑ ውስጥ ተደረደሩ። ያገር ቤት ልጅ ብትሆን ኖሮ ገና በሩ ሲንኳኳ ትጮህ ነበር። ይቺ ግን ከመኝታ ቤት ወጣች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ሁሉንም በትሕትና ሰላም አለች።

"ለኔ ብላችሁ በዚህ ማለዳ" አለች። "ቁጭ በሉ፣ ሻይ ላፍላ።"

ማንም አልከለከላትም። ብርጭቆውን ደርድራ፣ ስኳሩን አቅርባ፣ ለእያንዳንዱ ቀዳች። የመጨረሻውን ለአብዱልሀፊዝ ስትሰጥ ብርጭቆው አመለጠውና ሻዩ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ያኔ ዙሪያዋን ተመለከተች። አንዱም ብርጭቆውን አላነሳም።

የሚይዟት እጆች ሁሉ ተዘጋጅተው ነበር። አልወደቀችም።

"መቼ?" አለች።

ነገሯት።

"በስልክ እንኳ ልታሳዩኝ አልቻላችሁም?"

አብዱልሀፊዝ ያንን ጎረቤት መቃብር አስታወሰ፤ ከስልኩ ውስጥ የሚያለቅሰውን ልጅ። ለራውዳ ሲል በዚያ ልጅ የቀናው አሁን ነው።

"ሰማያዊ ሆኖ ነበር" አለች ወደ እሱ ዞራ። "መልእክቴን ማን ነው የሰማው፣ አንክል?"

"እኔ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ራሷን ነቀነቀች። "ሾርባውስ?"

"ውሸት ነው፣ ልጄ። ሌላም የነገርኩሽ ውሸት ነው። ግን አንድ እውነት አለ፤ ስሚኝ። ስወስደው መኪና ውስጥ ዱዓ አድርጎልሻል። እጁን ዘርግቶ። የወጣችበትን መንገድ ኸይር አድርግላት፣ እኔ ወድጄላታለሁ፣ አንተም ውደድላት አለ። በአላህ ስም እምልልሻለሁ።"

ልጅቷ ዓይን ዓይኑን አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

"አንክል ሀፊዝ" አለች፣ ለሕፃን እንደሚነገር ለስለስ አድርጋ፣ "አውቃለሁ። ይሄንንም የምትለው ለኔ ብለህ ነው።"

አብዱልሀፊዝ እጆቹን ዘረጋና ያንኑ የካሚልን ዱዓ፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብሎ ደገመው። ሽማግሌዎቹ አሚን አሉ። ፈዲላ ከበሩ አጠገብ እያለቀሰች አሚን አለች።

"አሚን" አለች ራውዳም፣ ትልቅ ሰው እንዳይከፋው እንደሚባለው። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ያልተጠጣውን ሻይ አንድ በአንድ ከፊታቸው ማንሳት ጀመረች።